ወሬው የገደለው ገበያ፦ የ1998ቱ የወፍ ጉንፋን ስጋትና የእኛ ዶሮ

በማኅበራችን ውስጥ ዶሮ አርብታ የማታውቅ እናት ብትፈለግ ምናልባት አንድ ሁለት ብትገኝ ነው። ከብቱ የአባወራው፣ እህሉ የቤቱ ነው ሲባል ዶሮዋና እንቁላሏ ግን ከጥንትም የሴቲቱ ናቸው። የልጅ ደብተር፣ ጨውና በርበሬ፣ የዕድር መዋጮ፣ አንዳንዴም ለዕቁብ የሚጣለው ገንዘብ የሚገኘው ከቆጡ ነው። ማንንም ሳታስፈቅድ አውጥታ የምትሸጠው፣ ገንዘቡንም በመቀነቷ ቋጥራ የምታስቀምጠው ሀብቷ ይኸው ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሳሱን ሁለት ነገሮች ናቸው። ለዶሮ እርባታ ብድር የወሰዱት ወጣት አባሎቻችን በ1998 ዓ.ም. ልጆች ስለነበሩ በዚያ ዓመት ገበያ ላይ የሆነውን ከእናቶቻቸው አፍ ካልሰሙ በቀር አያውቁትም። ድጋፍ የሚያደርጉልን ወገኖች ደግሞ “ለምን ከዶሮ ቤቱ አስቀድማችሁ ክትባት ትጠይቃላችሁ?” ብለውናል። ለሁለቱም የሚሆን መልስ በዚያ ዓመት ታሪክ ውስጥ አለ።

በሽታው ከሩቅ የመጣ ነው። ባለሙያዎች ኤች 5 ኤን 1 የሚሉት የወፍ ጉንፋን ዓይነት መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ በሚባል ክፍለ ሀገር በዝይ ላይ ነበር። በዓመቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ወደ ሰው ተሻግሮ 18 ሰዎች ታመሙ፤ 6ቱ ሞቱ። ከተማው የነበሩትን ዶሮዎች በሙሉ አስወገደና ለጊዜው ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ግን በእስያ አገሮች እየተዛመተ ቆየና በ1997 ዓ.ም. ግንቦት አካባቢ ቺንግሃይ በተባለ የቻይና ሐይቅ ላይ የዱር ወፎች በሺዎች አለቁ። ዓለም የደነገጠው ያኔ ነው። የዱር ዳክዬ ብዙ ጊዜ የጉንፋን ተሕዋሲ በሆዷ ይዛ ሳትታመም ትኖራለች፤ በኩሷም ወደ ውሃው ትለቀዋለች። ያን ውሃ ዶሮ ስትጠጣው ግን ተሕዋሲው እንደ ዓይነቱ ይከፋል፤ አንዱ ዓይነት ሙሉ ቆጥ በሁለት በሦስት ቀን ይጨርሳል። ወፎቹ ራሳቸው በብዛት መሞት ከጀመሩ፣ ደግሞም ክንፍ ካላቸው፣ የት ይቆማል? የሚለው ጥያቄ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቱርክና ሩማንያ ደረሰ።

ቱርክ ከደረሰ ደግሞ እኛም መንገዱ ላይ ነን። ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ተከትለው ይወርዳሉ። የሞጆ ወንዝ የሚገባበት ቆቃ ሐይቅ ከማረፊያዎቻቸው አንዱ ነው። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ የአዋሽ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ የተፈጠረ ነው፤ ወፎቹ ግን አድራሻውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። መስከረምና ጥቅምት ላይ ዳክዬዎቹና ሽመላዎቹ ይመጣሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ከቆቃ በታች በደንበል፣ በላንጋኖ፣ በአብያታና በሻላ፣ ከበላዩም በቢሾፍቱ ጨለለቃ ረግረግ ላይ እንዲሁ ነው። በሐይቁ ዳር ያለው ገበሬ ዶሮውም ከብቱም ልጁም የሚጠጡት ከአንድ ውሃ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የካቲት ወር በሽታው አፍሪካ ገባ። መጀመሪያ በሰሜን ናይጄሪያ በአንድ ትልቅ የዶሮ እርባታ፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶ በግብጽ ተገኘ። የእኛ ሬዲዮ ይህን በሚያወራበት ሰሞን በጉራጌ ዞን ጉብሬ በሚገኝ የመንግሥት ዶሮ ማባዣ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች አለቁ ተባለ። ናሙና ተወስዶ ምርመራ ተጀመረ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ወሬው ቀደመ። ጉብሬ ወልቂጤ አጠገብ ነው፤ ከሞጆ በአዲስ አበባ ዞሮ የሚኬድበት ሩቅ ቦታ ነው። ወሬ ግን መናኸሪያ አይጠብቅም።

ያ ጊዜ የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጾም የዶሮ ገበያ ድሮም ቀዝቃዛ ነው፤ አርቢዋ ትታገሳለች፤ ቄቦቿንና አውራዎቿን ለፋሲካ ታቆያለች። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 15 ቀን ነበር። ስለዚህ ወሬው የመጣው እናቶች ዶሮአቸውን ሳይሸጡ በያዙበት፣ መኖ በሚያወጡበት፣ ተስፋቸውን ሁሉ አንድ ገበያ ላይ በጣሉበት ሳምንታት ነው። ከአባሎቻችን መካከል ያኔ እንቁላል ከመቂና ከዓለም ጤና እየሰበሰቡ በጭድ ደልድለው ወደ አዲስ አበባ ይልኩ የነበሩ አሉ። የሚያስታውሱት ይመሳሰላል፦ ምግብ ቤቶች ትዕዛዝ አቆሙ፤ ተረካቢ ነጋዴዎች “ትንሽ እንይ” አሉ፤ አውቶቡስ ረዳቶች የዶሮ ቅርጫት ፖርቶመጋላ ላይ አንጭንም አሉ። ዋጋው ወረደ፤ ከወረደም በኋላ ገዢ ጠፋ። አንዳንዷ ዶሮዋን ራሷ አርዳ እንዳትበላው ልጆቿን ፈራች፤ አንዳንዷ በርካሽ ሸጠች። የሸጠችው ብድር የነበረባት ናት።

ሰው እንዲያ የፈራው በሞኝነት አልነበረም። አገራችን ጉንፋን ሲገድል አይታለች። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን በየደጁ የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታ ትዝታ ሆኖ ነው። ያ በሽታ በዓለም ዙሪያ የስፓኝ ጉንፋን የተባለው ሲሆን አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው የተረፉበት ነው። በ1998 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ሳይንቲስቶች በአላስካ በረዶ ውስጥ ከተቀበረ አስከሬንና በሆስፒታል ከተቀመጡ ናሙናዎች የዚያን ዘመን ተሕዋሲ መልሰው አንብበው፣ ዝርያው ከወፎች ጉንፋን ጋር እንደሚቀራረብ ጽፈው ነበር። ሬዲዮው ይህንንም ያወራ ነበር። እንግዲህ አያቶቿ የኅዳርን በሽታ ሲተርኩ የሰማች ሴት “የወፍ ጉንፋን” የሚል ስም ሲነገራት ብትደነግጥ ምን ያስደንቃል?

የጉብሬው ምርመራ ውጤት ወጣ፤ የወፍ ጉንፋን አልተገኘበትም። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታው አልተረጋገጠም። ዙሪያችንን ግን ከቦን ነበር፦ ሚያዝያ ላይ ሱዳን፣ ግንቦት ላይ ጅቡቲ ተገኘ፤ ጅቡቲ ውስጥ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ታመመች። የጅቡቲ መንገድ ማለት ደግሞ የሞጆ መንገድ ማለት ነው። የምሥራቁ ባቡርና አስፋልት በእኛ በኩል ያልፋሉ፤ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው፤ ኋላ ደግሞ ደረቅ ወደብ ተሠርቶልናል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ሐሳብ ጣል እናድርግ። በዚያ ሰሞን ጣት ሁሉ የተቀሰረው በዱር ወፎች ላይ ነበር። በ1998 በበርካታ የአፍሪካ ረግረጎች ከውሃ ወፎች ናሙና ሲወሰድ ግን ቀለል ያሉ የጉንፋን ዓይነቶች እንጂ ያ ገዳዩ አልተገኘም። በሽታውን ከአገር አገር በማሻገር የሰው ንግድ፣ ማለትም በመኪናና በአውሮፕላን የሚጓዘው ጫጩት፣ ዶሮና ያልታጠበ ሣጥን፣ ከወፎቹ ክንፍ ያላነሰ ድርሻ እንዳለው ብዙ ባለሙያዎች ጽፈዋል። በእኛም ከተማ ቢታይ ወፎቹ በቆቃ በኩል ያልፋሉ፤ ዶሮው የሚያልፈው ግን በመናኸሪያው ነው። በበዓል ዋዜማ አይሱዙ ላይ ከአርሲ፣ ከመቂና ከባቱ የተጫነ ዶሮ እዚህ ቆሞ፣ ተራግፎ፣ ግማሹ ተሸጦ፣ ግማሹ ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። ያልተሸጠው ወደ መጣበት መንደር ይመለሳል። ከገበያ የተመለሰች ዶሮ ምን ይዛ እንደተመለሰች ማን ያውቃል?

ግብጽ ውስጥ የሆነውን በተለይ ሴቶች ልናውቀው ይገባል። እዚያ ዶሮ የሚረባው በቤት ጣሪያ ላይ ነው፤ የምታረባውም ሴቷ ናት። በሽታው ሲገባ መንግሥት የጣሪያ ላይ እርባታን ከለከለ፤ ዶሮው እንዲወገድ አዘዘ። ካሳው ለትንንሾቹ አርቢዎች በቅጡ አልደረሰም። ስለዚህ ቤተሰቦች ዶሮአቸውን መኝታ ቤት ሸሸጉ። ሸሽጋ የምታበላው፣ ኩሱን የምትጠርገው፣ የታመመችውን አርዳ ላባዋን የምትነጨው ሴቷና ልጆቿ ነበሩ። ግብጽ ውስጥ በዓመታት ከ350 በላይ ሰዎች በኤች 5 ኤን 1 ተይዘው ከ100 በላይ ሞተዋል፤ ከታማሚዎቹ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። አዋጁ የወጣው ሰው ለማዳን ነበር።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ጉብሬ ላይ የወፍ ጉንፋን አልነበረም ሲባል ሰው “እፎይ” ብሎ ረሳው። የሞቱት ዶሮዎች ግን ሞተዋል። በእኛም ሠፈር በየዓመቱ የሚሞቱት አሉ። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ወይም በዓል ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ አንድ ቀን ጠዋት ዶሮዋ ክንፏን ጥላ ታንቀላፋለች፤ ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል፤ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ማታ ሞታ ትገኛለች። በሳምንቱ ቆጡ ባዶ ነው። ስሙ ፈንግል ነው፤ ባለሙያዎቹ ኒውካስል ይሉታል። ሬዲዮ አያወራለትም፤ ሚኒስትር መግለጫ አይሰጥበትም። የወፍ ጉንፋን በዚያ ዓመት ከሞጆ እናቶች አንዲት ዶሮ አልገደለም፤ ፈንግል ስንቱን ጨርሷል። ምልክታቸው ደግሞ በዓይን አይለይም። ፈንግል በለመደበት አገር የወፍ ጉንፋን ቢገባ “ያው ፈንግል ነው” ተብሎ ወራት ሊያልፍ ይችላል፤ በ1998 እንደታየው ደግሞ ተራ እልቂት የወፍ ጉንፋን መስሎ ገበያ ይዘጋል። ፈንግልን የያዘ ሁለቱንም አደጋ ያቀላል ማለታችን ለዚህ ነው።

ፈንግልን የሚያባብሰው አንድ ልማድ አለ፤ በግልጽ እንናገረው። አንዷ ዶሮ ስታንቀላፋ ሌሎቹን ሳይሞቱ ወደ ገበያ ማውጣት። ለአንድ ቤት ይህ ብልኅነት ነው፤ የሞተ ዶሮ ማን ይገዛል? ለሠፈሩ ግን እሳት ማጋባት ነው። ይህን ልማድ በተግሣጽ ማስቀረት አልተቻለም፤ ሴትዮዋ ሌላ መውጫ ስትይዝ ግን ትተወዋለች። መውጫውም ክትባት ነው።

ክትባት በእኛ አካባቢ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ወደ ከብቱ ታሪክ መለስ ማለት ያስፈልጋል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ ወደብ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመታት የአገሩ ከብት አብዛኛው አለቀ፤ በሬ ስለሌለ መሬት አልታረሰም፤ ክፉ ቀን የምንለው ረኃብ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ጎሽና ሌሎች የዱር እንስሳትም በመላው አፍሪካ አብረው አለቁ። በሽታው መቶ ዓመት አብሮን ኖረ። የተባረረው ደግሞ በትልቅ አዋጅ አልነበረም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ፣ ከእኛው አዋሽ በታች ባለው የአፋር ምድር ራሳቸው አርብቶ አደሮቹ እየሠለጠኑ ፍሪጅ በሌለበት በረሃ ከብታቸውን ከተቡ። ሐኪም ያልደረሰበት ቦታ የራሱ ሰው ደረሰ። በ2003 ዓ.ም. የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ ተነገረ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

ለፈንግልም እንዲሁ ሙቀት የሚችል ክትባት አለ፤ አይ-2 ይባላል። አውስትራሊያ ውስጥ በተለይ ለገጠር ዶሮ ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ በዓይን ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። ይህና ሌሎቹ የዶሮ ክትባቶች የሚመረቱት የት መሰላችሁ? ቢሾፍቱ፣ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ። ተቋሙ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከሞጆ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ነው። ለመላው አገር የሚሆን ክትባት ጎረቤታችን እየተሠራ የእኛ ዶሮ በፈንግል ያልቃል።

ምክንያቱ ርቀት አይደለም፤ ብልቃጡ ነው። አንድ ብልቃጥ የሚይዘው ለመቶ፣ ለሁለት መቶ፣ ከዚያም በላይ ለሆኑ ዶሮዎች ነው። ከተበጠበጠ በኋላ በአጭር ጊዜ ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብልቃጥ ከፍታ የቀረውን ልትደፋው ነው? ለትልቅ እርባታ የተመጠነ ነገር ለጓሮ አይሆንም። ስለዚህ አትገዛም፤ ሻጩም ፈላጊ የለም ብሎ አያመጣም። ማኅበራችን የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። አንድ ቀን ተቆርጦ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ፣ ዶሮዎቹ ማታ ከቆጥ ሳይወርዱ ወይም ጠዋት ሳይለቀቁ ከተከተቡ አንድ ብልቃጥ ለአንድ ሠፈር ይበቃል፤ ወጪውም ለየአንዳንዷ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለጋሾቻችን የጠየቃችሁን ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ዶሮ ቤት ሠርተን ያልተከተበ ዶሮ ብናስገባ ለፈንግል መኖሪያ ሠራንለት ማለት ነው። በጓሮ ተበትና የነበረችው ዶሮ ተሰብስባ ስትቀመጥ በሽታው ይፈጥናል።

በነገራችን ላይ ክትባቱ በሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውሃ ይሁን።

ከ1998 ወዲህ የዶሮው ነገር ብዙ ተለውጧል። የሐበሻ ዶሮ ብቻ በነበረበት ጓሮ ሳሶና ቦቫንስ ገብቷል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የ45 ቀን ጫጩቶችን በየቀበሌው አድርሷል፤ በባጃጅ ጭነው የሚያዞሩ ወጣቶችም ሥራ አግኝተዋል። መልካም ነው። ነገር ግን የፈረንጅ ዘር እንደ ሐበሻዋ ጠንካራ አይደለችም፤ ብዛቷም ለበሽታ ይመቻል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ አካባቢ ዶሮ በብዛት ሲያልቅ የዶሮና የእንቁላል ዝውውር ለጊዜው ታግዶ ነበር፤ ያኔም ሰው “የወፍ ጉንፋን ነው” ማለት ጀምሮ ነበር። የ1998ቱን የምታስታውስ ሁሉ ደነገጠች።

ዓለም ላይም የወፍ ጉንፋን አላበቃም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ አዲሱ ዝርያው የባሕር ወፎችን በገፍ ገድሎ ደቡብ አሜሪካ ደርሷል፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሚታለቡ ላሞች ላይ ተገኝቷል። ይህ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ከታመመች ላም በሚታለብ ጥሬ ወተት ውስጥ ተሕዋሲው እንዳለ ስለታወቀ፣ ወተት አፍልቶ መጠጣት ያለብን ለዚህም ጭምር ነው፤ እንቁላልና ሥጋም በደንብ ከበሰለ ችግር የለበትም። በ1998 ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በጊዜው በየገበያው ቢነገር ኖሮ የፋሲካው ገበያ እንዲያ ባልቀዘቀዘ ነበር ብለን እናምናለን። ማንም ዶሮ ወጥን ጥሬ አይበላም፤ ሽንኩርቱ እንኳን ሰዓታት ይቁላላል።

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ፤ እሱም መዝገብ ነው። በሽታው ድንገት ቢገባና ዶሮ ይወገድ ቢባል ካሳ የሚታሰበው ስሙ ለሰፈረ ሰው ነው። በብዙ ቤት የሚሰፍረው የአባወራው ስም ነው፤ ዶሮዋ ደግሞ የእሱ አይደለችም። ስለዚህ የማኅበራችን ፀሐፊ ከክትባቱ ቀን ጀምሮ በየሠፈሩ የምትይዘው ደብተር ላይ አምስት ነገሮች ይጻፋሉ፦ የእናቲቱ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የዶሮዎቿ ብዛት፣ የተከተቡበት ቀን፣ ቀጣዩ ክትባት የሚውልበት ቀን። አንዱ ቅጂ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይሰጣል። ሦስትና ከዚያ በላይ ዶሮ በአንድ ቀን የሞተባት እናት የቀሩትን ወደ ገበያ ሳታወጣ ለደብተር ያዧ ትናገራለች፤ ደብተር ያዧም በዚያው ቀን ለባለሙያው ትደውላለች። የሚቀጥለው የክትባት ቀን ከሰኔ ዝናብ በፊት ነው፤ ቀኑ ሲቆረጥ በየዕድሩ ይነገራል።